ሳይቃጠል በቅጠል፤ ቅጠሉም በልኩ

የመንዝ ሰዎች፣ የማነሣላችሁ ነገር ስለ ባቄላችን፣ ስለ ገብሳችን፣ ስለ ነጭ ሽንኩርታችንና ስለ ጦስኛችን ነው። አንዱ ወጣት ተነሥቶ «የጦስኝ ዘይት የሰብል በሽታ ይገድላል፤ ከእንግዲህ ለመድኃኒት ሱቅ ብር አንከፍልም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ቅጠል ጨምቆ ማን ሰብል አዳነ?» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም ቸኩለዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና፣ እኛ ቀስ ብለን ነገሩን ከሥሩ እንየው።

መጀመሪያ በሽታውን እንወቅ። በሐምሌና በነሐሴ፣ ጉሙ ከጓሳ ተራራ ወርዶ ማሳው ላይ ሲተኛ፣ ባቄላችሁ መሀል ግቡና አንዲት ቅጠል ገልብጡ። ጤነኛ ከሆነች ለስላሳ ናት። ቆርምድ የሚባለው በሽታ የያዛት ከሆነች ግን ጣታችሁ ሲዳስሳት ትሻክራለች፤ ትንንሽ አረንጓዴ እብጠት አውጥታለች። ጥቂት ቀን ቆይታችሁ ብትመለሱ እብጠቱ ቡናማ ሆኗል፣ ቅጠሉ ተጠቅልሏል፣ ግንዱ ቀጭጯል፤ ተክሉ ቁመቱን ሳይጨርስ፣ ወገቡን ሳያቀና ይቀራል። ይህ በሽታ በሰሜን ሸዋ ደጋ ጎልቶ የታየው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ባቄላ ለገብስ መሬት የሚያለማ፣ ለጾም ሽሮ የሚሆን፣ ለልጅ ቆሎ የሚቆላ ሰብል ነውና፣ ባቄላ ሲታመም ማጀቱ ሁሉ ይታመማል።

ቆርምድ የሻጋታ ወገን ነው። በስንዴ ላይ ዋግ የምንለው፣ በገብስና በማሽላ ራስ ላይ ጥቁር ዱቄት የሚሞላው አረማሞ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ከሥሩ ነጭ ጥጥ አልብሶ የሚያበሰብሰው፣ እንጀራችን ላይ የሚበቅለው፣ ሁሉም ከዚያው ወገን ናቸው። ዘራቸው ዓይን የማያየው ብናኝ ነው። አንዱ በነፋስ ይሄዳል፤ አንዱ በገለባ ውስጥ ይተኛል፤ አንዱ በዘር ላይ ተጣብቆ ይሰደዳል፤ አንዱ በጎርፍና በከብት ኮቴ ከማሳ ማሳ ይዛወራል። መንገዳቸው የተለያየ ስለሆነ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ የቀረው ምክሬ ሁሉ በእሷ ላይ የቆመ ነው።

አሁን ወደ ቅጠሉ እንምጣ። ሻጋታን ሽታ ባለው ነገር ማሸነፍ ለእኛ አዲስ ዕውቀት አይደለም። እናቶቻችን ጠላ ሊጠነስሱ ሲሉ ጋኑን በግራዋ ፈትገው ያጥቡታል፤ ከዚያ ፍም ላይ ወይራ ወይም ጥንጁት ጣል አድርገው ጋኑን በላዩ ይደፉታል፤ ጭሱ ገብቶበት እስኪጠግብ ድረስ አያነሡትም። ያልታጠነ ጋን ጠላውን እንደሚያሻግተውና እንደሚያሾመጥጠው ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። የወተት ዕቃም እንዲሁ ይታጠናል። ጭስና ዘይት አንድ ባይሆኑም፣ ቅጠልና እንጨት ሻጋታ የሚጠላው ነገር እንዳላቸው ከእኛ ቀድሞ የተረዳው ማጀቱ ነው።

የዛሬ ተመራማሪ ያንን ነገር በስሙ ይጠራዋል። ጦስኝን ጦስኝ የሚያሰኘው ሽታ ቲሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ ነገሮች የሚመጣ ነው። ነጭ አዝሙድም ቲሞል አለው፤ ቅርንፉድ ደግሞ ዩጂኖል የሚባለውን ይዟል። እነዚህ ነገሮች ሻጋታውን ሲያገኙት የሕዋሱን ስስ ሽፋን ሰርስረው ይገባሉ፣ ይሸነቁሩታል፣ ውስጡ የያዘውን ያፈስሱታል። ዘይቱ የብዙ ነገሮች ድብልቅ ስለሆነ ሻጋታው በቀላሉ አይለምደውም። ባሕር ማዶ ይህ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ገበያ ገብቷል። የአውስትራልያ በቀል ከሆነ፣ የሻይ ዛፍ ከሚሉት፣ ነገር ግን ከምንጠጣው ሻይ ፈጽሞ ከሚለይ ዛፍ የወጣ ዘይት፣ ቲሞሬክስ ጎልድ በሚል ስም እስራኤል ውስጥ ተቀምሞ፣ በላቲን አሜሪካ የሙዝ ቅጠል የሚያደርቀውን ጥቁር ሲጋቶካ ለመከላከል ይረጫል። በአገራችንም የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ጠጅ ሣርንና ሌሎችን ሽታ ያላቸው ዕፅዋት እያለማ፣ ዘይታቸውንም እያወጣ ኖሯል። ስለዚህ «ቅጠል ምን ያደርጋል» የሚለው ወንድሜ ሳቁን ይሰብስብ። የእኛ ጦስኝ ከኢትዮጵያ ተራሮች ውጭ የማይበቅል፣ ከጓሳ አፋፍ ላይ በነጻ የሚሸት ሀብት ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሆኖብን ነው እንጂ።

እንግዲህ ቅጠሉን ካመሰገንኩ ዘንድ፣ «ሱቅ ደኅና ሰንብት» ላለው ልጄ ደግሞ ልመለስ።

ልጄ፣ ዘይቱ ከቅጠሉ እንዴት እንደሚወጣ አይተሃል? አረቄ ስታወጣ እናትህን ካየህ አይተሃል ማለት ነው። ውሃው ከሥር ይፈላል፣ እንፋሎቱ ቅጠሉን አልፎ ሽታውን ይዞ ይወጣል፣ በመቃ ወይም በቧንቧ ሄዶ ቅዝቃዜ ሲነካው ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ ዘይቱም ከላይ ይንሳፈፋል። መቃ የሌለው ሰው ጦስኙን በድስት ቀቅሎ፣ ያንን ውሃ መድኃኒት ብሎ ቢረጭ፣ መድኃኒቱ ቀድሞ በእንፋሎት ወጥቶ ጎረቤት ሲያሸት፣ እሱ ማሳው ላይ የረጨው ሻይ ነው። ደግሞስ ስንት ይወጣል? ከአንድ ኩንታል ደረቅ ጦስኝ ቢወጣ ኪሎ ወይም ሁለት ኪሎ ዘይት ነው። አንድ ኩንታል ደረቅ ጦስኝ ማለት የተራራ ወገብ መላጨት ማለት እንደሆነ ለመንዝ ሰው አልነግረውም።

ሁለተኛ፣ ቤተ ሙከራና ማሳ አይመሳሰሉም። በቤተ ሙከራ ሻጋታውና ዘይቱ በአንድ ትንሽ ሳሕን ተዘግቶባቸው ይዋጋሉ፤ ሽታው የሚያመልጥበት የለም። የእኛ ማሳ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነፋስ የሚያፏጭበት፣ የሐምሌ ዝናብ የሚያጥበው ሜዳ ነው። ዘይቱ ተናኝ ነው፤ ጠዋት የተረጨው ከሰዓት ፀሐይ ያበነዋል፣ ማታ ዝናብ ይወስደዋል። ምርቱን ዝናብ እንዲችል አድርገው የሚቀምሙት ፋብሪካዎች ናቸው፤ እኛ በጓሮ የምናወጣው ያ አቅም የለውም።

ሦስተኛ፣ ሲበዛ ማር ይመራል። የሻጋታን ሽፋን የሚሸነቁር ነገር የባቄላውን ቅጠል አይምርም። ዘይት ከውሃ ጋር ስለማይዋሐድ ሳሙና ካልገባበት ከላይ ተንሳፍፎ ይቆይና፣ መጨረሻ ላይ የሚረጨው ማሳ ንጹሕ ዘይት ይወርድበታል፤ ቅጠሉም እሳት እንደነካው ይጠወልጋል። ውህዱ ከመቶ እጅ አንድ እጅ ሲደርስ እንኳ ብዙ ጊዜ ያቃጥላል። ስለዚህ ማንም ሰው መሞከር ቢፈልግ በማሳው ጥግ ጥቂት ተክል ይለይ፤ ማታ ማታ ፀሐይ ስትበርድ ይርጭ፤ ከዚያ ቀናት ይታገሥ። ቅጠሉ ካልተጎዳና በሽታው ከቀነሰ ያኔ ይናገር። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ ማሳውን በሙሉ በአንድ ማታ የረጨ ሰው የሚነክሰው ቀንድ የራሱ ጎተራ ነው።

ታዲያ ቅጠሉ የት ይጠቅማል? ሽታው የማያመልጥበት፣ ዝናብ የማይደርስበት፣ ጥቂቱ የሚበቃበት ቦታ ላይ ነው። ይኸውም ዘርና ጎተራ ነው። ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ የመንገዳቸው መለያየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። አረማሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ብናኙ ከዘሩ ቆዳ ላይ ተጣብቆ የሚቆይ ነው፤ የማሽላው ሽፍን አረማሞ እንዲህ ነው። በመርሐቤቴ ቆላ ማሽላ የምትዘሩ ወንድሞቻችን ታውቁታላችሁ። ከላይ የተጣበቀ ነገር በመድኃኒት ይደረስበታል፤ በሰሜን ኢትዮጵያ የቆየ የከብት ሽንት እንኳ ዘር ታሽቶበት ይህን አረማሞ እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል። ሁለተኛው ግን በገብስና በስንዴ ላይ በአበባ ጊዜ ገብቶ በዘሩ ሆድ ውስጥ የሚተኛ ነው። እሱን ከላይ የተቀባ ዘይት አያገኘውም። አረማሞ ሁሉ አንድ መስሎት ዘሩን በጦስኝ ያሸ ሰው፣ ዓመቱ ሲዞር ጥቁር ራስ ቆጥሮ ቅጠሉን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የቅጠሉ አልነበረም።

ዘይት ደግሞ የዘሩንም ነፍስ ሊነካ ይችላል። ከመዝራታችሁ በፊት 50 ፍሬ በዘይት የታሸ፣ 50 ፍሬ ያልታሸ ውሰዱ፤ በእርጥብ ጨርቅ ለይታችሁ ጠቅልሉና ሞቅ ያለ ቦታ አኑሩ። ሲበቅል ቁጠሩ። የታሸው ካነሰ፣ ያ መጠን ለዘር አይሆንም። ይህን ለማድረግ ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ ቆጠራ የሚችል ልጅ ይበቃል።

ስለ ሽታ ካነሣን የነጭ ሽንኩርቱን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ከሁሉ የሚደንቀኝ እሱ ነውና። ነጭ ሽንኩርቱን የሚያበሰብሰው ሻጋታ በሰሜን ሸዋ ደጋ ብዙ ጓሮ አስተውቷል። ትንንሽ ጥቁር ፍሬ ሠርቶ በአፈር ውስጥ ይተኛል፤ ነጭ ሽንኩርት ካልተዘራ ዐሥር ዓመት፣ ዐሥራ አምስት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ሳይሞት ይጠብቃል። የሚቀሰቅሰው ምን መሰላችሁ? የነጭ ሽንኩርቱ ሥር ሽታ ነው። ያንን ሲያሸት ሲሳይ መጣ ብሎ ይነሣል። ታዲያ ተመራማሪዎች ምን አደረጉ፣ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ያለውን ዘይት ሰብል በሌለበት አፈር ውስጥ አስገቡ። ሻጋታው ተታልሎ ነቃ፣ የሚበላው አጣ፣ አብዛኛው በረሃብ አለቀ። እዚህ ላይ ዘይቱ አልገደለም፤ ጊዜውን ለይቶ ጠራ እንጂ። መድኃኒት ማለት ኃይል ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጊዜና ቦታ ማወቅም መድኃኒት ነው።

ቅጠሉ የማይደርስበትም አለ። የስንዴ ዋግ በነፋስ ተሳፍሮ አገር አቋርጦ የሚመጣ እንግዳ ነው። በ2003 ዓ.ም. ቢጫው ዋግ ሲነሣ ኩብሳ የሚባለው ስንዴ በሰፊው ተዘርቶ ስለነበር በየክልሉ ተመታ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በ2006 ዓ.ም. የግንዱ ዋግ ደግሞ በአርሲና በባሌ ዲገሉ የሚባለውን ስንዴ ፈጀው። የሁለቱ ዓመት ትምህርት አንድ ነው፤ አገር ሙሉ በአንድ ዘር ላይ የተደገፈ እንደሆነ፣ አንድ ሻጋታ አገር ሙሉ ይጥላል። እንዲህ ያለውን ጠላት የሚመክተው የሚቋቋም ዘር፣ ዓይነቱ የተሰባጠረ ዘርና በጊዜው የተረጨ የታወቀ መድኃኒት ነው። ዘር ላይ ያልኩት በመድኃኒትም ይሠራል። ተስፋችሁን ሁሉ በጦስኝ ላይ አትጣሉ፤ በሱቅ መድኃኒትም ላይ አትጣሉ።

የሱቁንም ቢሆን ፈጽሞ አልነቅፍም። ለቆርምድ ባይሌተን የሚባለው፣ ዘሩ ታሽቶበት ቅጠሉም ተረጭቶበት እንደሚያግዝ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች በዚሁ በእኛ ደጋ ሞክረው አይተዋል። የምቆጣው በአያያዙ ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ባዶ እጁን የሚበጠብጥ አለ፤ ነፋስ ፊት ለፊት ቆሞ የሚረጭ አለ፤ የመድኃኒቱን ጀሪካን አጥቦ ውሃ የሚቀዳበት አለ። ልጄ፣ ያንን ጀሪካን ብሳውና ቅበረው። ለሻጋታ የተገዛ መርዝ ሻጋታና ልጅ አይለይም።

ከቅጠሉም ከሱቁም በፊት ግን እጅ አለ። በ1970 ዓ.ም. ግድም በወሎ የሆነውን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ድርቅ ካለፈ በኋላ ገብሱ በሲናር ተዋጠ፤ በሲናሩ ራስ ላይ ጥቁር ቀንድ መሳይ ሻጋታ በቀለ፤ ያ ከእህሉ ጋር ተፈጭቶ ተበላ። የበሉት ሰዎች የእግርና የእጅ ጣታቸው ደም እየተነፈገ ጠቆረ፣ ተቆርጦም የወደቀባቸው ነበሩ። ያንን መከራ የሚያስቀረው ዘይት አልነበረም፤ ሲናሩን ከማሳ የሚነቅል እጅ፣ ጥቁሩን ከሰፌድ የሚለቅም ጣት ነበር። ለቆርምድም እንዲሁ ነው። ባቄላ በነበረበት ባቄላ አትድገሙ፤ ገብስና ስንዴ ይፈራረቅበት። ከታመመ ማሳ ዘር አታስቀሩ። የታመመውን ገለባ ወደ ሌላ ማሳ አታጓጉዙ። ጎርፉ ከጎረቤት ማሳ ወደ እናንተ እንዳይወርድ ቦዩን ቅደዱ። በሐምሌ መጀመሪያ ማሳችሁን ዞራችሁ እዩ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ቅጠሉን ብቻ አላመሰገኑም፤ ከእሳቱ መቅደምን አመሰገኑ።

እዚህ ላይ ዕፍረት የሚሉት ነገር ይጎዳናል። ማሳው ሲታመም «ሰው ሰነፍ ይለኛል» ብሎ ዝም የሚል አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የአንድ ሰው ቆርምድ በአንድ ክረምት የመንደሩ ቆርምድ ነው። ያየ ሰው ለጎረቤቱ ይንገር፤ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ቅጠሏን ይዞ ይሂድ።

የመጨረሻው ምክሬ ከሁሉ ይከብደኛል፤ ስለ ጓሳ ነው። የጦስኝ ዘይት ዋጋ ያወጣ ዕለት፣ ማጭድና ጆንያ ይዞ ወደ ጓሳ የሚወጣው ብዙ ነው። የውጭ ነጋዴም ይመጣል። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል። ጦስኝ ከሥሩ ሲነቀል ተመልሶ አይበቅልም፤ አፈሩም አብሮ ይሄዳል፤ ንቡም አበባ ያጣል። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል። በዚያ ዓመት ጦስኝ ሸጠው የሚስቁ ይኖራሉ፤ የሚያለቅሱት ልጆቻቸው ናቸው።

ይህን ለመንዝ ሰው ማስተማር ግን ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጓሳን በቄሮ ሥርዓት ያስጠበቁት አባቶቻችን ናቸው። የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ልጆች የየራሳቸውን አለቃ መርጠው፣ ሣሩን ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር፤ ሲደርስ ተማክረው ይከፍቱት ነበር፤ ከቀኑ በፊት የቆረጠ ይቀጣ ነበር። ያ ሥርዓት ከሸዋው ገዥ ከነጋሲ ክርስቶስ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ጸንቶ ቆየ፤ ከዚያ በኋላ ቢላላም፣ ጓሳ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ሆኖ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚውሉበት ያ ልማድ ስላልሞተ ነው። ለሣር ሕግ ያወጣ ሕዝብ ለጦስኝ ማውጣት አያቅተውም።

ስለዚህ ከሰንበቴው ስትወጡ፣ በዕድሩም ስትቀመጡ፣ ይህን ተነጋገሩ። ጦስኝ በማጭድ ከላይ ይታጨድ፣ ማንም ከሥሩ አይንቀል። አበባው ወድቆ ዘሩ ሳይበተን አይታጨድ። ዘይት ሊያወጣ የሚሻ ቡቃያውን ቆርጦ በጓሮው ይትከል፤ ጦስኝ ከቁራጭ ይበቅላል፤ ከጓሮው ያጨደ ሰው ማንንም አይፈራም። በየመንደሩ አንድ ፈቃደኛ አራሽ ጥግ መሬት ይስጥ፤ ግማሹ በዘይት የታሸ፣ ግማሹ ያልታሸ ዘር ይዘራበት፤ ባለሙያው ባለበት አብራችሁ ቁጠሩ። የሠራውን በጋራ ያዙት፣ ያልሠራውን ሳታፍሩ ተዉት።

ዘራችሁን ንጹሕ፣ እጃችሁን ትጉህ፣ ምላሳችሁን ልከኛ ያድርገው። ጎተራችሁ ይሙላ፤ ልጆቻችሁ ከጓሳ ሲወርዱ የሚያሸቱት ጦስኝ አይጥፋባቸው። አሜን በሉ።